ደወል የነበረው ቮላኖ

አስማማው መኪናዋን ወደ ጋራዤ ያመጣት በበሬ አስጎትቶ ነው። ጊዜው በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ነበር። መኪናዋ ቀይ ፊያት ስፖርት ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ ብዙም የማይበልጥ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለው ሰባታሚት፣ በአማቱ ግቢ ቆማ ነበር። ሞተሯ ይነሣል፤ ይጮኻል፤ ጉልበቱ ግን ጎማዋ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ አማቱ በሬዎቹን ሰጠው።

የሰፈሩ ሰው ከየደጁ ወጣ።

«አያ፣ ሞፈሩን የት ጣልኸው?» አለ አንዱ።

«ተወው፤ ቤንዚን በኩፖን ሆነ፤ ሣር ግን ገና አልተከለከለም» አለ ሌላው።

አስማማው መሪውን ይዞ ቀጥ ብሎ እንደ ተቀመጠ ገባ። በሬዎቹ ተፈቱ። ከመኪናዋ ሲወርድ ግራ እግሩን ከጉልበቱ ሥር በእጁ ይዞ አወጣው። ሰው እንዳያይበት ፈጠን ብሎ ነው ያደረገው። እኔ አየሁ።

መርስዔ ኀዘን እባላለሁ። አባቴ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ገዳም ብራና ፍቀው መጽሐፍ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። እኔ ዳዊት ደገምሁና ተውሁት። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ከብረት ጋር ኖርሁ። ከአባቴ የቀረኝ ሁለት ነገር ነው፤ ብራና መፋቅና ዝም ብሎ ማየት።

አስማማውን በዝና አውቀው ነበር። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። በጃንሆይ ዘመን የመኪና እሽቅድምድም ሲደረግ በዚህችው መኪና ሦስት ጊዜ ተወዳድሯል፤ አንድ ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። በኋላ የፋብሪካ ሹፌር ሆኖ ባሕር ዳር መጣ፤ ባንቺአየሁን አገባ። በ፲፱፻፸ ዓ.ም. የጭነት መኪና ይዞ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘመተ። እዚያ ፍንጣሪ ግራ ጉልበቱ ውስጥ ገባ። ሐኪም አወጣለት፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ከኪሱ ደብዳቤ አውጥቶ ሰጠኝ። ቀስ ብዬ አነበብሁት። የአካል ጉዳት የደረሰባቸው ሹፌሮች ሁሉ እንደገና ይፈተናሉ ይላል። የእሱ ቀን ኅዳር አሥራ አምስት ነው። በራሱ መኪና ይመጣል፤ በቤዛዊት ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ቆሞ ሦስት ጊዜ ይነሣል። መኪናው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ወይም ሞተሩ ከጠፋ መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል።

«ፋብሪካው መኪና አያውስህም?» አልሁት።

«ፈቃዱ ለታገደ ሰው? መጥረጊያ ነው የሚያውሱኝ።» ደብዳቤውን አጣጥፎ መለሰው። «ጋሽ መርስዔ፣ እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም። ከተሰረዘ ከእንግዲህ መሪ አልይዝም ማለት ነው።»

«ሃምሳ ጥቂት ቀን አለህ።»

«ይበቃል?»

«ፈትቼ ልየው።»

በማግስቱ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ቤት፣ አወረድሁ። ውስጡ እንደ ገመትሁት ሆነ። የፍሪሲዮኑ ሸራ ተቃጥሎ እስከ ምስማሩ አልቋል። ቮላኖውም ተበላሽቷል። ቮላኖ ከሞተሩ ጀርባ የሚዞር ክብ፣ ከባድ ብረት ነው። ሸራው በእሱ ላይ ተጭኖ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ ያሳልፋል። ነጂው የፍሪሲዮኑን ፔዳል በግራ እግሩ ሲረግጥ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ሲለቅ ይያያዛሉ። ዳገት ላይ ቆሞ ለሚነሣ ሰው ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች መለያያ ላይ ነው። የዚህች መኪና ቮላኖ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። በቤንዚን አጥቤ ወደ ፀሐይ ሳዞረው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አየሁ። እንዲህ ያለው ብረት በኃይል ሲዞር ይፈነዳል። ሰው ይገድላል።

አስማማው ይህን ስነግረው አልደነገጠም። ከመኪናዋ ኋላ አንድ የእንጨት ሣጥን አወጣ። ውስጡ አዲስ ቮላኖና አዲስ ፍሪሲዮን ነበረ፤ ገና ከዘይት ወረቀቱ አልወጣም።

«የእሽቅድምድም ነው» አለ። «አብሮኝ የሚወዳደር የአሥመራ ልጅ ነው የሰጠኝ። ከዘጠኝ ዓመት በላይ አስቀምጬዋለሁ። ለራሷ የተሠራ ነው፤ ይገጥማል።»

ቮላኖውን አነሣሁት። ቀላል ነው፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ሞተር ቶሎ እንዲዘል ብለው አቅጥነው ነው የሠሩት። ፍሪሲዮኑ ደግሞ ጠባብ ሆኖ ሞላው እጅግ ጠንካራ ነው። ቀዳዳዎቹን በሞተሩ ጀርባ ላይ ለካሁ። ልክ ናቸው።

«ይገጥማል» አልሁት።

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«እግርህ ቀረ።»

ፊቱ ተለወጠ። ሣጥኑን ዘጋና ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ባንቺአየሁ መጣች። በመምህራን ኮሌጁ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ፣ የሰባታሚት ልጅ ናት። ጫማዋን አቧራ እንዳይነካው እየመረጠች ገባችና በርሜል ላይ ተቀመጠች።

«አያ መርስዔ፣ ምን አሉት? ምሳውን አልበላም።»

ነገርኋት።

«እግርህ ደካማ ነው ካሉት ያንን ብረት በጥርሱም ቢሆን ይገጥመዋል። አያውቁትም። ብረቱ ደካማ ነው በሉት።»

«ብረቱ ደካማ አይደለም። ውሸት አልናገርም።»

«እንግዲያው ምንም አይበሉት፤ ያሳዩት። ነግረውት የሚሰማ ቢሆን እኔ አግብቼው ስምንት ዓመት ነግሬው አልነበር!» ብላ ሣቀች። ወዲያው ሣቋ ጠፋ። «ባለፈው ሳምንት በፋብሪካው የበር ጥበቃ ትሆናለህ አሉት። ጥበቃ መሆን ነውር የለውም። እሱ ግን የመኪኖቹን ቁጥር እየጻፈ በር ሲከፍትላቸው አየሁትና... አይሆንም፣ አያ መርስዔ። ይፈተን። ቢወድቅም ተፈትኖ ይውደቅ።»

እሷ ያለችውን አደረግሁ። ከጥጥ ነጋዴ መንጠቆ ያለው ሚዛን ተዋስሁ። አሮጌውን ፍሪሲዮንና የእሽቅድምድሙን ተራ በተራ በወፍራም ጣውላ ላይ አሰርሁ። በረጅም ብረት እየተጫንሁ የብረቱን ጫፍ በሚዛኑ ሳብሁ። አሮጌው በአሥራ አንድ ኪሎ ተለቀቀ። የእሽቅድምድሙ ሃያ ሦስት ፈለገ።

በግቢዬ የቆመ ትሬንታ ኳትሮ የሚባል የጣሊያን የጭነት መኪና ነበረኝ። ፔዳሉን በሚዛኑ ስስበው እሱም ሃያ ሦስት ገደማ ሆነ። አስማማውን ጠራሁት።

«ውጣና ይህን ሃያ ጊዜ ርገጥ።»

«የተጠየቅሁት ሦስት ጊዜ መነሣት ነው።»

«ከቤትህ ቤዛዊት እስክትደርስ ስንት ማርሽ ትቀይራለህ?»

ወጣ። መርገጥ ጀመረ። እኔ ከታች ቆሜ ቆጠርሁ። እስከ ስድስት ደህና ነበር። ሰባተኛው ላይ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። አሥረኛው ላይ ግራ እጁ ከመሪው ወርዶ ጉልበቱን ገፋ። አሥራ አንደኛውንም እንዲሁ። ሃያውንም ጨረሰ። ሲወርድ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር።

«ሃያ» አለኝ።

«ሃያ ነው» አልሁት። ስለ እጁ አልተናገርሁም።

ያን ቀን ከመደርደሪያዬ ላይ አንድ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አወረድሁ። ከሌላ መኪና፣ ከትልቁ ፊያት፣ የወጣ ፍሪሲዮን ነው። ሸራው ከስፖርቷ ሸራ በሁለት ጣት ይሰፋል። ሞላው ግን ለስላሳ ነው፤ በሚዛን ስስበው አሥራ ሁለት ኪሎ ሆነ። ሸራው ሲሰፋ መያዣው ከመሐል ይርቃል፤ ስለዚህ ሳይከብድ አጥብቆ ይይዛል። የእሽቅድምድሙ ጉልበቱን ከሞላው ነው የሚያገኘው፤ ይህኛው ከስፋቱ። ሸራውን በካምቢዮው ዘንግ ላይ ሞከርሁት። ጥርሶቹ ሳይታገሉ ገቡ። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ቀለበትም ልክ መጣ።

ችግሩ አንድ ነበር። ይህ ፍሪሲዮን ሰፊ ስለሆነ በስፖርቷ ቮላኖ ላይ አይታሰርም፤ በእሽቅድምድሙም ላይ አይታሰርም። የራሱን ቮላኖ ይፈልጋል። እሱ ደግሞ ከባድ ነው፤ ለዳገት መነሻም የሚበጀው ከባድ ነው። ነጂው ቢሳሳት እንኳ ከባድ ቮላኖ ሞተሩን ቶሎ እንዲጠፋ አይለቀውም።

«የት አለ?» አለኝ አስማማው።

«አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሰቅሏል።»

የቀለድሁ መሰለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. ከሐይቁ ማዶ፣ በጎርጎራ መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ፊያት ተገለበጠ። ባለቤቱ እንድፈታለት ወሰደኝ። ሞተሩ ተሰብሮ ነበር። ፍሪሲዮኑን በድካሜ ፋንታ ሰጠኝ። ቮላኖውን መሸከም ሰለቸኝና ሣር ላይ ጣልሁት። መምሬ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ቄስ በዚያ ሲያልፉ ቆሙ። «ይህ ብረት ይጮኻል?» አሉኝ። በገመድ አንጠልጥዬ መታሁት። ጮኸ። «እንግዲያው ለማርያም ስጣት» አሉ። ሰጠሁ። ከዚያ ጀምሮ ደወል ነው።

«ለቤተ ክርስቲያን የሰጡትን ሊቀበሉ ነው?» አለ አስማማው።

«ልለውጥ ነው። አሮጌውን ቮላኖ እሰጣቸዋለሁ። ብረት በብረት።»

የሞተሩን ጀርባ ልክ በብራና ላይ ወሰድሁ። ብራናውን ለጥፌ፣ በጥላሸት አሻሽቼ፣ የቡሎኖቹን ቀዳዳ በወስፌ ወጋሁ። አባቴ መስመር ከማስመራቸው በፊት ብራናውን የሚወጉት እንዲሁ ነበር። በሕይወቴ ሁሉ ልክ የምይዘው በዚህ ነው።

አስማማው አብሮኝ እንደሚሄድ ተናገረ። የእሽቅድምድሙን ሣጥንም ተሸከመ።

«ያን ለምን ትወስደዋለህ?»

«ያኛው አልገጥም ሲል ለማሳየት።»

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣንና በጥቅምት መጀመሪያ በጀልባ ተሳፈርን። ኩንዝላ አድረን በማግስቱ ጎርጎራ ገባን። ነፋስ ነበረ፤ ሞገዱ እየተረጨ ዕቃችንን አራሰው። ከወደቡ ተነሥተን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። እኔ የተሰነጠቀውን፣ እሱ አዲሱን ተሸክመን። እያነከሰም ከፊቴ ነበር።

ቮላኖው በዋንዛ ዛፍ ላይ በጠፍር ተንጠልጥሎ አገኘነው። መምሬ ወልደ ዮሐንስ አርጅተዋል። ካባቸውን ደርበው ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። መስቀል ተሳለምን። የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

«መርስዔ» አሉኝ፤ «አባትህ ለገዳም የጻፉትን መጽሐፍ ተመልሰው ሲወስዱ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ይህን ከማን ተማርኸው?»

አስማማው ቀደመኝ።

«አባ፣ የቸገረኝ እኔ ነኝ። እሳቸው ለእኔ ብለው ነው። ደግሞ መግጠሙ ገና አልታወቀም።»

«መግጠሙን እዩ እንግዲህ» አሉ መምሬ። «ማየት አይከለከልም።»

ደወሉን አወረድነው። በእርግጥ ደህና ተይዟል። ሰባት ዓመት ሙሉ በወይራ እንጨት ነበር የሚመታው፤ መምሬ ብረት እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር። ዳር ዳሩ ያሉት ጥርሶች አንዱም አልተሸረፈም። እነዚህ ጥርሶች ሞተር ሲነሣ ሞተሪኖው የሚይዛቸው ናቸው፤ ቁጥራቸው ከአሮጌው ጋር እኩል ካልሆነ ነገሩ ከንቱ ነው። እኔ አሮጌውን ስቆጥር መምሬ ደወሉን በመቁጠሪያቸው ቆጠሩ።

«ሦስት ዙርና ስድስት» አሉ። አርባ አንድ ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ነው።

«መቶ ሃያ ዘጠኝ» አልሁ። የእኔም መቶ ሃያ ዘጠኝ ነው።

ከዚያ ብራናውን አውጥቼ በመሐሉ ላይ ዘረጋሁት። የመጀመሪያው ቀዳዳ ገጠመ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ከግማሽ በላይ ወጣ።

«አይገጥምም!» አለ አስማማው። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ። «አላልኋችሁም? እኛ የራሳችን አለን።» ሣጥኑን መታ መታ አደረገ።

ብራናውን ደግሜ አዞርሁት። አልገጠመም። ያን ጊዜ ጣቴ ላይ ለሰለሰኝ። እንደ ደረቅ ብራና አልተንኳኳም። አፍሬ ተቀመጥሁ። ከጀልባው ላይ ሁለት ቀን ሙሉ የሐይቅ ውሃ ሲረጨው እንደ ቆዳ ጠጥቶ ተለጥጧል። የብራና ፋቂ ልጅ ሆኜ ልክ የያዘ ብራና ራቁቱን በውሃ ላይ ተሸክሜ መጣሁ።

«ሁለት ሰዓት ስጡኝ» አልሁ።

ብራናውን በጥላ ዘረጋሁት፤ ፀሐይ ላይ ቢሆን ይኮማተራል። አራቱን ጠርዝ በጠጠር ያዝሁት። መምሬ ቆሎ አመጡልን። አስማማው ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ሐይቁ አየ። ብራናው ሲደርቅ ጫፉ ላይ ጥፍሬን ነካ ባደርገው ተንኳኳ። አነሣሁና ቮላኖው ላይ አኖርሁት። ስድስቱም ቀዳዳ በስድስቱ ላይ ዋለ። በእያንዳንዱ ወስፌውን አሳለፍሁ። የትም አልነካም።

አስማማው ጎንበስ ብሎ አየ።

«እንግዲህ ለውጡን አሳየኝ» አሉ መምሬ።

የተሰነጠቀውን ቮላኖ በጠፍሩ ሰቀልሁ። መምሬ ተነሥተው የወይራውን እንጨት አነሡና መቱት። ድምፁ ባዶ ጆንያ እንደ መምታት ሆነ። ደግመው መቱ። ያው ነው።

«ይህን ብደውል የሚመጣልኝ ምእመን ሳይሆን ፍየል ነው» አሉ።

ስንጥቅ ብረት እንደማይጮኽ አውቃለሁ። አርባ ዓመት ብረትን በድምፁ የለየሁ ሰው ነኝ። ለአንድ ሹፌር ነፍስ የማይሆነውን ለቤተ ክርስቲያን ይበቃል ብዬ ተሸክሜ መጥቻለሁ። ይህን ለመምሬ ተናገርሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መናገርህ ደግ ነው። ደወሌን ግን አልሰጥህም። እዚህ ሰው የሚነሣውም የሚጾመውም በእሱ ነው።»

ትክክል ናቸው። ብራናዬን ጠቀለልሁ። ጠፍሩን ልፈታ ስል አስማማው ጠራኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«ጋሽ መርስዔ፣ ያን ቀን አሥረኛው ላይ እጄን አይተውታል፤ አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«አንተም አይተኸው ነበር።»

ሣጥኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«ይኸኛውን ብገጥም ዳገቱ ላይ ምን ይሆናል?» አለ ወደ ሣጥኑ እያየ።

«የመጀመሪያውን ትነሣለህ። ሁለተኛውንም ምናልባት። በሦስተኛው እጅህ ይወርዳል፤ ወይም ሞተሩ ይጠፋል። ቮላኖው ቀላል ነው፤ አይጠብቅህም።»

ተነሣ። ሣጥኑን ከፈተ። የዘይት ወረቀቱን ቀስ ብሎ ገለጠ፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። የእሽቅድምድሙን ቮላኖ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና ራሱ በጠፍሩ ሰቀለው። የወይራውን እንጨት ከመምሬ እጅ ተቀበለ። አልመታም። መልሶ ሰጣቸው።

«እርስዎ ይምቱት፣ አባ።»

መምሬ መቱት። ድምፁ ከፊተኛው የቀጠነ ነበር፤ ግን ቶሎ አልሞተም። በሸምበቆው ላይ አልፎ ሐይቁ ላይ ሄደ። ከታች መረብ የሚጎትት አንድ ሰው ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ፤ ሰዓቱ የምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ይሆናል።

«ይኸኛው ሩቅ ይሄዳል» አሉ መምሬ። ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «አዲስ ነው። ትወደው ነበር መሰለኝ።»

«እወደው ነበር» አለ አስማማው።

«እንግዲያው መባ ነው። ያኛውን ውሰዱ። መርስዔ፣ አንተ ግን ያን የተሰነጠቀ ብረትህን ተሸክመህ ተመለስ።»

ተሸክሜ ተመለስሁ። ትክክለኛ ፍርድ ነው።

ባሕር ዳር ስንደርስ ቮላኖውን በቶርኖ ማሽን አስላግሁት፤ ለሸራው ንጹሕ ገጽ እስኪወጣ ድረስ ብቻ። በሞተሩ ጀርባ ላይ ስድስቱን ቡሎን በእጄ አስገባሁ፤ ቁልፍ ሳልይዝ ገቡ። ሰፊውን ፍሪሲዮን አሰርሁበት። ካምቢዮውን መለስሁ። ቮላኖውን በእጄ አዙሬ የትም እንደማይነካ ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁ። ፔዳሉን በሚዛን ስስብ አሥራ ሁለት ኪሎ ከትንሽ ነበር።

አስማማው ገብቶ ረገጠ። ፊቱን አየሁት። ጠንከር ያለ ነገር ጠብቆ ነበር።

«ይሄ ይይዛል?» አለኝ።

«ግድግዳው ላይ አስጠግተህ በሦስተኛ ማርሽ ልቀቀው።»

ከግድግዳው ጋር መከላከያዋን አስጠግቶ ለቀቀ። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ሸራው አንዲት ጣት አልተንሸራተተም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

ቤንዚኑ በኩፖን ስለሆነ ብዙ ልምምድ አልነበረም። ሞተሩን ሳያስነሣ በየቀኑ ግቢዬ መጥቶ ይረግጥ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ፤ በሁለተኛው ሃምሳ። ባንቺአየሁ ከሥራ ስትወጣ ከጎኑ ተቀምጣ ትቆጥራለች። ሲያጭበረብር ትጮኻለች።

«ይኼ አልተቆጠረም! ግማሽ ነው የረገጥኸው።»

«ሴትዮ፣ አንቺ ከፈታኙ ትብሻለሽ።»

«ፈታኙ እራት አይሰጥህም። ርገጥ።»

ኅዳር አሥራ አምስት ጠዋት ቤዛዊት ወጣን። ፈታኙ ጓድ አንዳርጋቸው የሚባል ወፍራም፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ከታች ዓባይ ይታያል። ሌሎች ስድስት ሹፌሮች ነበሩ፤ ሁለቱ ከአስማማው በፊት ወድቀዋል። ቀይዋን መኪና ሲያይ ፈታኙ ቅንድቡን አነሣ።

«በዚህ ነው የምትፈተነው?»

«በራስህ መኪና ይላል ደብዳቤው።»

«ይላል። ስማ እንግዲህ። ቀኝ እጅህ ለማርሽና ለእጅ ፍሬን ይፈቀዳል። ግራ እጅህ ከመሪው ከወረደ አበቃ። ይሄን እዚህ አስቀምጣለሁ።» ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አውጥቶ ከኋላ ጎማው ጀርባ አንድ ጣት ርቀት ላይ አቆመው። «ከተጨፈለቀ፣ አበቃ።»

የመጀመሪያውን በቀላሉ ተነሣ። ክብሪቱ እንደ ቆመ ነው። ወደ ላይ ሃያ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ሁለተኛውንም ተነሣ። እኔ ክብሪቱን አላየሁም፤ የማየው ግራ እጁን ነበር። ነጭ እስኪሆን መሪውን ጨብጧል።

ሦስተኛው ቦታ ከሁሉ ቀጥ ያለው ዳገት ነው። ጠጠሩ ልቅ ነው። መኪናዋ ስትቆም አፍንጫዋ ወደ ሰማይ አየ። ፈታኙ ክብሪቱን አቆመና እጁን አወረደ።

አስማማው ረገጠ። በመስኮቱ በኩል ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከግራ እጁ አንዲት ጣት ከመሪው ላላች። ባንቺአየሁ ከአጠገቤ ቆማ ትንፋሿን ያዘች። የአስማማው ጣት ተመለሰች፤ መሪውን ያዘች። ፔዳሉን መልቀቅ ጀመረ፤ ከሚገባው ትንሽ ፈጠን ብሎ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ ወረደ፤ ሊጠፋ ነው አልሁ። በዚያች ቅጽበት የብረቱ ክብደት ሠራ። ሞተሩ አልጠፋም፤ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ያዘ። የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀ። ጎማው ጠጠር ተፋ። መኪናዋ ወደ ፊት ሄደች።

ፈታኙ ጎንበስ ብሎ ክብሪቱን አነሣ። አገላብጦ አየው። ከዚያ ሲጋራ አወጣና በዚያው ክብሪት ለኮሰ።

«አልፈሃል» ብሎ ጮኸ ወደ ላይ። ወደ መኪናዋ ወጥቶ ወረቀቱን በኮፈኗ ላይ ፈረመ።

ባንቺአየሁ ሮጣ ሄደችና በሩን ከፍታ ከጎኑ ተቀመጠች። የምትወርድ መስሎኝ ነበር። በሩን ዘጋችው። ሁለቱ አንድ ነገር ተባባሉ። አስማማው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ጓድ አንዳርጋቸው፣ ክብሪቱን ያውሱኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ልነሣ።»

«ጨርሰሃል እኮ!»

«አውቃለሁ። ይኼኛው ለራሳችን ነው።»

ፈታኙ አየኝ። እኔ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ክብሪቱን ሰጠኝ።

ከኋላ ጎማው ጀርባ ተንበረከክሁ። ፈታኙ አንድ ጣት ነበር የተወለት። እኔ አስጠግቼ፣ ጎማውን አስነክቼ አቆምሁት። ከዚያ ዘወር ብዬ ቆምሁና እጄን አወረድሁ።